ፒካፕ ስንት ኩንታል ይጭናል?

ስሌቱ

አርባ ምንጭ ገበያ ላይ ፒካፕ የሚከራይ ነጋዴ የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ኩንታል ይጭናል?» ነው። ብዙዎች መልሱን ከካሶኒው ስፋት ይገምታሉ። ትክክለኛው መልስ ግን በቅነሳ ይገኛል። ፋብሪካው መኪናው ከነጭነቱ ሊያልፈው የማይገባውን ጠቅላላ ክብደት ይወስናል፤ ከዚያ ላይ የባዶው መኪና ክብደት ሲቀነስ የሚተርፈው የመጫን አቅሙ ነው። ጠቅላላው 3,000 ኪሎ፣ ባዶው 2,000 ኪሎ ከሆነ 1,000 ኪሎ ወይም 10 ኩንታል ይተርፋል ማለት ነው።

ሰውም ጭነት ነው። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ አራት ተሳፋሪዎች ከዚሁ ላይ 280 ኪሎ ይወስዳሉ።

መደቦቹ

አሜሪካኖች ፒካፕን ግማሽ ቶን፣ ሦስት አራተኛ ቶን እና አንድ ቶን እያሉ ይለያሉ፤ ፎርድ ኤፍ-150፣ ኤፍ-250 እና ኤፍ-350 በዚሁ ቅደም ተከተል ይመደባሉ። ዛሬ ግን ስያሜው የቀረው በልማድ ነው፤ የአሁኑ ኤፍ-150 ከግማሽ ቶን በላይ ይጭናል። መንግሥታቸው የሚመድበው በጠቅላላ ክብደት ነው፦ እስከ 2,722 ኪሎ አንደኛ፣ እስከ 4,536 ሁለተኛ፣ እስከ 6,350 ሦስተኛ መደብ።

እኛ አገር የለመድነው ቶዮታ ሃይሉክስ በአንድ ቶን አካባቢ ያለ ነው። ደብል ጋቢናው ከሲንግሉ ያነሰ ይጭናል፤ ጋቢናው ራሱ ይከብዳል፣ ካሶኒውም ያጥራል።

አሸዋ፣ ድንችና ሙዝ

የካሶኒ መሙላት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። የደብል ጋቢና ካሶኒ አንድ ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ ወደ 16 ኩንታል ይመዝናል፤ ስለዚህ ካሶኒው አፉ ድረስ ሳይሞላ አቅሙ ያልቃል። የሙዝ ዘለላ ግን በመሃሉ ባዶ ቦታ ስለሚተው ካሶኒውን ሞልቶም ከአቅም በታች ሊሆን ይችላል። የጨንቻ ድንች በሁለቱ መካከል ነው። እሱን በጆንያ ቁጥር ማስላት አያዋጣም፤ ጆንያ ሁሉ 100 ኪሎ አይደለምና መመዘን ይሻላል።

ቁልቁለቱና ባሌስትራው

ጨንቻ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ፣ አርባ ምንጭ ደግሞ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ያለው መንገድ ከ40 ኪሎ ሜትር አይበልጥም። ከአቅም በላይ የጫነ መኪና ይህን ሁሉ ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ይረዳል እንጂ ትርፉን ኩንታል አያነሳም።

ባሌስትራ ማስደረብም መፍትሔ የሚመስላቸው አሉ። የመኪናው ኋላ እንዳይጎብጥ ያደርጋል፤ ፍሬኑ፣ ሻንሲውና ጎማው ግን የድሮዎቹ ናቸው። ስለዚህ ለጭነት ብላችሁ ፒካፕ የምትገዙ ከሆነ ሲንግል ጋቢና ምረጡ፣ ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊትም ሊብሬው ላይ የተጻፈውን የጭነት ልክ አንብቡ።