አሥር ደቂቃ በብስክሌት፦ ለጀማሪ

በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጡት ጥናት «ጊዜ የለኝም» የሚለውን ሰበብ ክፉኛ ያዳክማል። ስፖርት የማይሠሩ ወንዶች በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለ12 ሳምንት ብስክሌት ጋለቡ። አንዱ ቡድን በመጠኑ 45 ደቂቃ፣ ሌላው 10 ደቂቃ ብቻ። የሰውነታቸው ኦክስጅን የመጠቀም አቅም በሁለቱም ቡድን 19 በመቶ ያህል ጨመረ፤ ኢንሱሊንም በተቀራራቢ ደረጃ የተሻለ ሠራላቸው። ተሳታፊዎቹ ግን ከሠላሳ አይበልጡም ነበር።

የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት ወይም የደረት ውጋት ያለበት ሰው ሐኪም ሳያማክር አይጀምር። ኢንሱሊን የሚወስዱ ደግሞ ስኳራቸውን ከመጀመራቸው በፊትም ሲጨርሱም ይለኩ።

የጂም ብስክሌት ይምረጡ፤ በሚኒባስ መሐል ያለ የሌለ ኃይልን ማውጣት አያዋጣም። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበትዎ በትንሹ እንዲታጠፍ ኮርቻውን ያስተካክሉ። ኮርቻው ዝቅ ካለ ጉልበት ያማል።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት አንድ ደቂቃ ፈጠን፣ አንድ ደቂቃ ቀስ እያሉ አምስት ጊዜ ይደጋግሙ። ፈጠን ሲሉ ሁለት ሦስት ቃል እንጂ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር ካልቻሉ ልክ ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል፤ ስለዚህ ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ትተው ትንፋሽዎን ይከተሉ።

ከዚያ በጥናቱ የ10 ደቂቃው ቡድን ወደሠራው ዋናው ልምምድ ይለፉ። ሁለት ደቂቃ ያሟሙቁ። ፔዳሉን ያክብዱ፤ ካልከበደ እግር በባዶ ይሽከረከራል። ከዚያ 20 ሰከንድ ባለ በሌለ ኃይልዎ ይርገጡ። መጀመሪያ ላይ ቀላል ይመስላል፤ ከአሥረኛው ሰከንድ በኋላ ጭን መንደድ ይጀምራል። ሲጨርሱ ማውራት ከቻሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ አልሠሩም። አክብደውት የነበረውን አቅልለው ሁለት ደቂቃ ቀስ ይበሉ። የ20 ሰከንዱ ሩጫ በድምሩ ሦስት ጊዜ ነው። ከሦስተኛው በኋላ ሦስት ደቂቃ ቀስ ብለው ይጋልቡ እንጂ ዘለው አይውረዱ፤ ደም እግር ላይ ስለሚቀር ያዞራል። ደረትዎን ከወጋዎት ግን ወዲያው ያቁሙና ወደ ሕክምና ይሂዱ።

ጡንቻ ያከማቸውን ስኳር በዚህ ሩጫ ስለሚያቃጥል፣ በኋላ ጎተራውን ለመሙላት ከደም ይስባል። ይህ ጥቅም በቀናት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሦስቱን ልምምድ ቅዳሜና እሑድ ላይ ከማጨቅ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ያድርጉት።