የመጀመሪያው ንግግር፦ «እኔ»፣ «እናንተ» እና «እኛ»

በዚህ እትም መሪዎች ሥልጣን ሲረከቡ የሚያደርጉት የመጀመሪያ ንግግር እንዴት እንደሚዋቀር እንማማራለን።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በ11ኛው ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ 632) ወደ አኼራ ሲሄዱ መዲና በሐዘን ተዋጠች። በሰቂፋ ከተደረገው ምክክር በኋላ ለአቡበክር (ረ.ዐ) በይዓ ተገባ። በማግስቱም ሕዝቡ በመስጂድ በይዓ ሲገባላቸው ተነስተው ተናገሩ። በኢብን ሂሻም ሲራ የተላለፈው ይህ ንግግር በጣም አጭር ነው። ሦስት ነገሮችን እናስተውልበት።

አንደኛ፦ ራስን ዝቅ ማድረግ። የተሾሙት ከሁሉ በልጠው እንዳልሆነ በመናገር ጀመሩ። ቀጥለውም መልካም ከሠሩ እንዲያግዟቸው፣ ካጠፉ እንዲያቀኗቸው ጠየቁ። ስለዚህ ትሕትናው ለጌጥ የገባ አይደለም፤ «ከእናንተ አልበልጥም» ያለን ሰው ማረም አያስፈራምና።

ሁለተኛ፦ ተቃራኒዎችን ማነጻጸር። እውነትን ከአማና፣ ውሸትን ከክህደት ጋር አያያዙ። ደካማው ሐቁ እስኪመለስለት በእርሳቸው ዘንድ ብርቱ፣ ብርቱውም የሰው ሐቅ እስኪወሰድበት ደካማ እንደሆነ ገለጹ። እንዲህ ያለ አጭርና ተመጣጣኝ ሐረግ በቀላሉ ይሐፈዛል። ሕዝብ የሐፈዘው ቃል ደግሞ ነገ መሪውን ይጠይቀዋል።

ሦስተኛ፦ ቅድመ ሁኔታ። ሕዝቡ የሚታዘዛቸው አላህንና መልዕክተኛውን እስከታዘዙ ድረስ ብቻ መሆኑን ተናገሩ። የሥልጣናቸውን ወሰን ያሰመሩት ራሳቸው ናቸው።

ከዘመናችን ኔልሰን ማንዴላን እንመልከት። እ.ኤ.አ በ1994 በፕሪቶሪያ ቃለ መሐላ ሲፈጽሙ ባደረጉት ንግግር ጎልቶ የሚሰማው «እኛ» ነው። በዘር ለተከፋፈለ ሕዝብ ይህ ቃል ድልድይ ነበር። በአቡበክር (ረ.ዐ) ንግግር ግን «እኔ» እና «እናንተ» ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ማን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚጠይቅም ይታወቃል።

ሁለቱም ቦታ አላቸው። ነገር ግን በጀመዓችን ስብሰባ «እናስተካክላለን» ብለን የተበተንንባቸውን ቀናት እናስታውስ። ሁላችንም ቃል ገባን፤ ማንም አልተጠየቀም። እኛ የምህንድስና ተማሪዎች እንደምናውቀው፣ ስህተቱ ተመልሶ የማይነገረው ማሽን ራሱን አያርምም። አሚርም እንዲሁ ነው።

እንግዲህ ነገ አማና የምንረከብ ሁሉ፣ በመጀመሪያው ንግግራችን «ካጠፋሁ አርሙኝ» ለማለት እንዘጋጅ። የምናዳምጥም ለማረም እንዘጋጅ። አላህ ያግዘን። ወላሁ አዕለም።