የባሕር ውሃ ገንዳና የውሃው እንቅስቃሴ

አንድ ሰው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የባሕር ዓሣና ኮራል ለማኖር ሲነሣ መዠመሪያ የሚጨነቀው ስለ ጨዉ ነው። ጨዉን በሊትር 35 ግራም ያህል መዝኖ፥ ሙቀቱን ከ25 ዲግሪ ግድም አድርጎ፥ መብራቱን ሰቅሎ ሲያበቃ ሁሉ የተሟላ ይመስለዋል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ኮራሉ መገርጣት፥ በአሸዋውም ላይ ቡናማ ዝቃጭ መከማቸት ይዠምራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ሳይሆን የውሃው መቆም ነው።

ኮራል ከድንጋይ ጋራ ተጣብቆ የሚኖር እንስሳ መሆኑን ባዮሎጂ የተማርን ሁሉ እናውቃለን። ዓሣ ቢርበው ይዋኛል፤ ኮራል ግን የትም አይሄድ። ምግቡን የሚያመጣለትም ጕድፉን የሚጠርግለትም ውሃው ነው። ነገሩ ግን ከዚህም ይጠልቃል። በውሃ ውስጥ ባለ በማናቸውም ነገር ገላ ላይ እምብዛም የማይንቀሳቀስ ቀጭን የውሃ ልባስ ይኖራል። ሻይ ሲያቃጥለን እፍ የምንለው በላዩ የቆመውን ትኩስ እንፋሎት ለመግፋት አይደለምን? በኮራል ላይ የሚፈስ ውሃም እንዲሁ ልባሱን ያሳሳዋል።

በኤይላት፥ በቀይ ባሕር ዳር፥ ሊቃውንት መርምረው በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት በዚህ ላይ ያልተጠበቀ ነገር አስተምሮናል። በኮራል ሥጋ ውስጥ የሚኖሩ ጥቃቅን አልጌዎች በብርሃን ፎቶሲንተሲስ ሲያካሂዱ ኦክሲጅን ያመነጫሉ። ኦክሲጅኑ በዚያው ከታመቀ ካርቦን ዳይኦክሳይድን የሚይዘውን ኤንዛይም ይሻማና ሥራውን ያጓትታል። ስለዚህ የውሃው ትልቁ ውለታ ማምጣቱ ብቻ ሳይሆን የተረፈውን ኦክሲጅን ጠርጎ መውሰዱ ነው። መብራት በበረታ መጠን ውሃውም መበርታት አለበት ማለት ነው።

አሁን ወደ ፓምፑ እንምጣ። ባለ 200 ሊትር ገንዳ ላይ በሰዓት 4000 ሊትር የሚገፋ ፓምፕ ብናኖር ውሃው በሰዓት 20 ጊዜ ዞረ ይባላል። የገንዳ ባለቤቶች ለለስላሳ ኮራል ከ10 እስከ 20፥ ቅርንጫፍ ላለው ጠንካራ ኮራል 30ና ከዚያም በላይ ይበቃል ይላሉ። እኔ ግን ይህ ቍጥር ብቻውን ያታልላል ባይ ነኝ። እስቲ እናስላ፦ 4000 ሊትር በሰዓት ማለት በሴኮንድ 1.1 ሊትር ነው። ይህ ውሃ 2 ሴንቲሜትር ስፋት ባላት ክብ ቀዳዳ ቢወጣ ፍጥነቱ በሴኮንድ 3.5 ሜትር ይሆናል፤ 8 ሴንቲሜትር ስፋት ባለው አፍ ቢወጣ ግን 22 ሴንቲሜትር ብቻ። ፓምፑ ያው፥ ቍጥሩም ያው፤ የመዠመሪያው ፊት ለፊቱ ያለውን ኮራል ሥጋውን ከአጥንቱ ይገፍፈዋል፥ የገንዳውን ማዕዘን ግን አይነካውም። ስለዚህ ሰፊ አፍ ያላቸው ሁለት ትናንሽ ፓምፖች ከአንድ ብርቱ ይሻላሉ።

ደግሞ የባሕር ማዕበል ሄዶ ይመለሳል እንጂ ባንድ ፊት ብቻ አይነዳም። ሁለቱን ፓምፖች በተቃራኒ ግድግዳ አኑሮ በየተራ ማሠራት ይህን ይመስላል። አንደኛውን ትንሽ ቀና ማድረግ የውሃውን ፊት ያናውጠዋል፤ በላዩ የሚያርፈው ቅባትም ይበተናል። ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ25 ዲግሪ ጣፋጭ ውሃ በሊትር 8 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ የባሕር ውሃ የሚይዘው 7 እንኳ አይሞላም። ሌሊት ደግሞ አልጌውም እንደ ዓሣው ኦክሲጅን ተጠቃሚ ነው። ድምፁ እንቅልፍ ነሣኝ ብሎ ማታ ፓምፕ የሚያጠፋ ሰው ጧት የሞተ ዓሣ ቢያገኝ አይደነቅ!

መመርመሪያው ቀላል ነው። ጥቂት የዓሣ ምግብ አድቅቆ በውሃው ላይ መበተንና መከተል። ብናኙ በአንድ ስፍራ ከተኛ ውሃ አልደረሰበትምና ፓምፑን ማዞር ነው። ኮራሉ ጣቶቹን ሰብስቦ ከዋለ በዝቶበት ይሆናል፤ ንፍጥና ጕድፍ ከተኛበት አንሶታል። የባሕር ፈረስ ግን ለብቻው ይኑር፤ እርሱ በጅራቱ ሣር ይዞ የሚያርፍ ደካማ ዋናተኛ ስለ ሆነ፥ ለኮራል የሚስማማው ውሃ እርሱን ያንከራትተዋል።