እውነተኛ መጽሐፍ ስለ መጀመር

እውነተኛ መጽሐፍ ለመጻፍ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ ወረቀቱን ዘርግቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ከወዴት እንደሚጀምር አያውቅምና።

ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ ከ1896 እስከ 1922 ዓ.ም. ስለ ነበረው ዘመን ትልቅ የትዝታ መጽሐፍ ጽፈዋል። በመጽሐፉም ስም ላይ «ካየሁትና ከሰማሁት» የሚል ቃል ይገኛል። ቃሉ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የታሪክ ጸሐፊ ሥራ ሁሉ ከዚህ ይነሣል።

እንግዲህ በለገጣፎ የሚኖር ልጅ የአገሩን ታሪክ ሊጽፍ ቢወድ፥ ደብተሩን ለሁለት ይክፈል፤ በአንዱ ወገን ዓይኑ ያየውን፥ በሌላው ወገን ሰዎች የነገሩትን ይጻፍ። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄደው መንገድ በዚያ ያልፋል፤ ይህን ልጁ ራሱ አይቶታል። ስለ አገሩ ስም ግን መጠየቅ አለበት። «ለገ» በኦሮምኛ ወንዝ ማለት ነው፤ ቋንቋውን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ይነግረዋል። ስለ ቀረው አንዱ እንዲህ ነው፥ ሌላው እንዲያ ነው ቢሉት፥ ሁለቱንም ከተናጋሪዎቹ ስም ጋር ይጻፍ እንጂ ደስ ያሰኘውን ብቻ መርጦ ሌላውን አይጣል።

በለገጣፎ በብዙ እርሻ ላይ ቤት ተሠርቶበታል። እርሻው ቀድሞ ማን ይባል እንደ ነበር የሚያውቁ ሽማግሌዎች ግን እየጠፉ ይሄዳሉ። ስለዚህ ልጁ መግቢያውን እስኪያሳምር ድረስ አይቆይ፤ መግቢያ በመጨረሻ ቢጻፍም ነውር የለበትም። ዛሬ ማታ ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ፥ «አባባ፥ ይህ ሰፈር ቤት ሳይሠራበት ማን ይባል ነበር?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ከቀኑ ጋር ይጻፍ።