ስለ ውሃ ዳር ጠባቂ

ውሃ ለሰው ልጅ ከተሰጡት በረከቶች አንዱና ታላቁ ነው፤ ነገር ግን ጠባዩን ለማያውቅ ሰው ፈጥኖ ወደ ጥፋት ይለወጣል። አባቶች «እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውሃ» ማለታቸው ስለዚህ ነው። ብቻውን የሚዋኝ ሰው ስለ ራሱ ነፍስ ይጠየቃል፤ የሰው ልጆችን ሰብስቦ ወደ ውሃ የሚወስድ ግን በአደራ ስለ ተቀበላቸው ነፍሶች ሁሉ ይጠየቃል።

የአርባ ምንጭ ከተማ ስሟን ያገኘችው ከተራራው ግርጌ በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። ከከተማዋ በታች ሁለት ታላላቅ ሐይቆች ተዘርግተዋል፤ በስተሰሜን ያለው አባያ፥ በስተደቡብ ያለው ጫሞ ይባላል። በመካከላቸው ያለውን ከፍተኛ ስፍራ የአገሩ ሰው የእግዜር ድልድይ ይለዋል። ተማሪዎችና የወጣት ማኅበራት በዕረፍት ቀን ለሽርሽር ሲወጡ፥ አገሩ ቆላ ሙቀቱም ብርቱ ስለ ሆነ፥ ልባቸው ወደ ውሃ ይሳባል።

ዳሩ ግን በነዚህ ሐይቆች ውስጥ አዞና ጉማሬ ይኖራሉ። የጫሞ አዞዎች ብዛትና ግዝፈት እጅግ የታወቀ ከመሆኑ የተነሣ፥ የሚሰበሰቡበት ዳርቻ «የአዞ ገበያ» ተብሏል። የአባያ ውሃ ደግሞ ወንዞች ከሚያመጡት ደለል የተነሣ ቀላ ያለ ቡናማ ስለ ሆነ፥ ከውስጡ ያለው ነገር ለዓይን አይታይም። አዞ ሳይንቀሳቀስ በውሃ ውስጥ አድፍጦ ይቆያል፤ ሰው ወይም እንስሳ ወደ ዳር ሲቀርብ ግን በድንገት ይወረወራል። ስለዚህ የውሃው ጸጥታ የደኅንነት ምልክት አይደለም።

ግንቦት 26 ቀን 2010 ዓ.ም. እሑድ ጧት በአርባ ምንጭ አካባቢ አንድ የፕሮቴስታንት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ሰማንያ ያህል ምእመናንን ሊያጠምቁ በአባያ ሐይቅ ዳር ቆመው ነበር። የመጀመሪያውን ሰው አጥምቀው ወደ ሌላው ሲያልፉ አዞ ከውሃው ወጥቶ ነጠቃቸው። ዓሣ አስጋሪዎችና የአካባቢው ሰዎች ሊያድኗቸው ታገሉ፤ በመረባቸውም አዞው ሥጋቸውን ወደ ጥልቁ እንዳይወስድ ከለከሉ፤ ነፍሳቸውን ማትረፍ ግን አልቻሉም። ከዚህ ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፥ የሥራው በጎነትና የሕዝቡ ብዛት የውሃውን አደጋ አያርቀውም። ሁለተኛው፥ አደጋ ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ትግል ምንም ጀግንነት ቢኖርበት፥ አስቀድሞ ስፍራን ከመምረጥ ጋር አይተካከልም።

እንግዲህ የወጣቶች ጠባቂ ሥራው የሚጀምረው ገና ጉዞው ሳይነሣ ነው። ስፍራውን አስቀድሞ ሄዶ ይመልከት፤ በዚያ የሚኖሩትንም ይጠይቅ። ወንዝም ቢሆን ማታለያ አለው። ኩልፎ ከጋሞ ደጋ ወርዶ በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ጫሞ ይገባል፤ በደጋው ዝናም በጣለ ጊዜ፥ በቆላው ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ፥ ደራሽ ውሃ ሊመጣ ይችላል። ለዋና የሚገባው ጥልቀቱ የተለካ፥ ወለሉ የሚታይ፥ አውሬ የማይደርስበት የመዋኛ ገንዳ ነው። እንዲህ ያለ ስፍራ ካልተገኘ ሐይቁን ከከፍታ ሆኖ መመልከት ይበቃል።

ይሁን እንጂ ገንዳም ጠባቂ ይሻል። ብዙ ሰዎች የሚሰምጥ ሰው የሚጮኽና እጁን የሚያወዛውዝ ይመስላቸዋል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። አፉን ውሃ የሸፈነው ሰው የሚታገለው ለመተንፈስ ስለ ሆነ ለመጮኽ ጊዜ የለውም፤ እጆቹም ውሃውን ወደ ታች ይጫናሉ እንጂ ለመጥራት አይነሡም። ጓደኞቹ በአጠገቡ እየሳቁ እርሱ በጸጥታ ይሰምጣል። አየር ያጣ አንጎል ደግሞ በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገመተው፥ እ.ኤ.አ. በ2021 ብቻ 300,000 ያህል ሰዎች በመስጠም ሞተዋል፤ ከነዚህም ግማሽ ያህሉ ከ30 ዓመት በታች የነበሩ ናቸው።

መልካም እረኛ ከብቱን ቆጥሮ ያሰማራል፥ ቆጥሮም ያገባል፤ አንዲት ጥጃ ብትጎድልበት ሳይመሽ ይፈልጋታል። ለጥጃ የሚደረገው ለሰው ልጅ ሊቀር አይገባም። ጠባቂው ወጣቶቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ያጣምራቸው፤ እያንዳንዱም ስለ ጓደኛው መልስ ይስጥ። ወደ ውሃ ሲገቡ ይቁጠራቸው፤ በየጊዜው በፊሽካ አቁሞ ይቁጠራቸው፤ ሲወጡም ይቁጠራቸው። መዋኘት የማይችሉትን ለይቶ ከወገብ በማያልፍ ውሃ ያቆያቸው። እርሱ ራሱ አይዋኝ፤ ምግብ አያሰናዳ፤ በስልክም አይነጋገር። ሲደክመው ሌላውን በስሙ ጠርቶ ጥበቃውን ሳያስረክብ ዓይኑን ከውሃው አያንሣ። «ሁላችን እንጠብቃለን» የሚባልበት ስፍራ ማንም የማይጠብቅበት ስፍራ ነውና።

በአጠገቡም ረጅም ገመድ፥ የቀርከሃ ዘንግና አፉ የተከደነ ባዶ ጀሪካን ይኑር። የሚሰምጥ ሰው ያገኘውን ሁሉ አንቆ ስለሚይዝ፥ ሳይሠለጥን ዘሎ የሚገባ አዳኝ ብዙ ጊዜ ሁለተኛ ሟች ይሆናል። ስለዚህ ከዳር ሆኖ ዘንጉን ይዘርጋለት፤ ካልደረሰለትም ጀሪካኑን በገመድ አስሮ ይወርውርለት።

የጥበቃ ጉድለት ምን እንደሚያመጣ በእንግሊዝ አገር የሆነው ያስረዳል። እ.ኤ.አ. በ1993 ስምንት ተማሪዎች ከአንድ መምህርና ከሁለት አሠልጣኞች ጋር በላይም የባሕር ወሽመጥ በታንኳ ወጡ። ታንኳዎቻቸው በማዕበል ተጥለቀለቁ፤ እርዳታም በጊዜ ሳይጠራ ቀርቶ አራት ተማሪዎች ሞቱ። ከዚያ በፊት በዚያው ማዕከል ይሠሩ የነበሩ ሁለት አሠልጣኞች የደኅንነቱን ጉድለት በደብዳቤ አስታውቀው ነበር፤ የሰማቸው ግን አልነበረም። ኃላፊው እ.ኤ.አ. በ1994 ተፈርዶበት ታሰረ፤ በ1995ም እንዲህ ያሉ ማዕከሎች በፈቃድና በቁጥጥር እንዲሠሩ ሕግ ወጣ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምክር ያልሰማ ሕዝብ ሕጉን በልጆቹ ሕይወት ይገዛዋል።

ከጠባቂ ሥራ ሁሉ የሚከብደው «አይሆንም» ማለት ነው። ወጣቶች ሩቅ መንገድ ሄደው፥ ላብ አጥምቋቸው፥ ውሃው በፊታቸው እያበራ ቢከለከሉ ያጉረመርማሉ፤ ፈሪ ብለውም ይሰድቡታል። ዳሩ ግን ስድብ በማግስቱ ይረሳል፤ የጎደለ ልጅ ግን በእናቱ ቤት አይረሳም። ጠባቂ ሥራውን በሚገባ በፈጸመበት ቀን የሚወራ ነገር አይኖርም፤ ምስጋናም አያገኝ ይሆናል። ዋጋው ግን ሲመሽ በቁጥር ይታወቃል፤ ይኸውም ጧት አርባ ልጆች ወጥተው እንደ ሆነ፥ ማታ አርባ ልጆች ወደየቤታቸው ሲገቡ ነው።