የአደይ አበባ ቢጫ በስልክና በወረቀት ላይ፦ ስለ ስጦታ ካርድ ሥዕል አዘገጃጀት

በእንቁጣጣሽ ዕለት ወንዶች ልጆች በወረቀት ላይ ቀለም ቀብተው ያዘጋጁትን አበባና መልአክ ይዘው ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ ባለቤቱም ሥዕሉን ተቀብሎ ሳንቲም ይሰጣል። በኢንተርኔት መደብሮች የሚሸጠው የስጦታ ካርድ ግን ይህን ልማድ ገልብጦታል፤ ሥዕሉም ገንዘቡም በአንድነት ወደ ተቀባዩ ይሄዳሉ። ብዙዎቹ መደብሮች ገዢው የራሱን ፎቶግራፍ በካርዱ ላይ እንዲያስገባና የተቀባዩን ስም እንዲጽፍበት ይፈቅዳሉ። በውጭ አገር የሚኖር አንድ የፈረስ ቤት ተወላጅ፣ በዚያው በደጋ ዳሞት ለሚኖሩ እናቱ የአዲስ ዓመት ካርድ ሊልክ አስቧል እንበል። የመረጠው ሥዕል አደይ አበባ የሸፈነው መስክ ነው። እናቱ ሥዕሉን የሚያዩት በልጅ ልጃቸው የእጅ ስልክ ላይ ነው፤ ወይም ፍኖተ ሰላም ያለ ዘመድ አሳትሞ ይወስድላቸዋል። ሥዕሉ በሁለቱም መንገድ ሳይበላሽ እንዲደርስ ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ በታች እንመለከታለን።

አስቀድመን መጠኑን እንወስን። የባንክ ካርድ ወርድ 85.6 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱም 54 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ የስጦታ ካርድም በአብዛኛው ይህንኑ ቅርጽ ይከተላል። ወርዱ ለቁመቱ ሲካፈል 1.59 ይሆናል። የስልክ ካሜራ የሚያነሣው ፎቶግራፍ ግን በተለምዶ 4 በ3 ስለሆነ ይኸው ስሌት 1.33 ይሰጣል። ስለዚህ 4000 በ3000 ነጥቦች ካሉት ፎቶግራፍ ከቁመቱ ወደ 16 በመቶው መቆረጥ ይኖርበታል። ሰማዩ ይቆረጥ ወይስ መሬቱ? ይህን ላኪው ራሱ ቢወስን ይሻላል፤ መቁረጡ ለመደብሩ ኮምፒውተር ከተተወ የሰው ራስም አብሮ ሊሄድ ይችላል። ለኅትመት በአንድ ኢንች 300 ነጥቦች የሚበቁ ሲሆን፣ ይህም ለአንድ ካርድ 1011 በ638 ነጥቦች ወይም ፒክሰሎች ማለት ነው።

አሁን ወደ ቢጫው እንምጣ። በስልኩ ገጽ ላይ ቢጫ ብርሃን የሚያመነጭ ክፍል ጨርሶ የለም። እያንዳንዱ ፒክሰል የተሠራው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን ከሚሰጡ ጥቃቅን ክፍሎች ነው። አደይ አበባ በሚታይበት ስፍራ ቀዩና አረንጓዴው ይበራሉ፤ ሰማያዊው ይጠፋል። አንባቢ ይህን በዓይኑ ለማየት ቢሻ አንዲት ጤፍ የምታህል የውኃ ጠብታ በበራ ስልክ ገጽ ላይ ያኑር፤ ጠብታዋ እንደ ማጉያ መነጽር ታገለግላለች። (ጠብታዋ ትንሽ ትሁን፤ ስልኩን ማጠብ አያስፈልግም።) የዓይናችን ቀለም ለዪ ሕዋሳት ሦስት ዓይነት ናቸው። የሞገድ ርዝመቱ 580 ናኖሜትር ገደማ የሆነ እውነተኛ ቢጫ ብርሃን ሁለቱን ዓይነቶች ያነቃቃል፤ የቀይና የአረንጓዴ ድብልቅም እነዚህኑ ሁለቱን ያነቃቃል። አንጎላችን ሁለቱን መለየት አይችልም። ቶማስ ያንግ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1802 አቀረበ፤ ጄምስ ክለርክ ማክስዌልም እ.ኤ.አ. በ1861 በሦስት ባለቀለም ማጣሪያዎች የተነሡ ፎቶግራፎችን በአንድነት አብርቶ የጥብጣብን ቀለም አሳየ።

ወረቀት ግን ብርሃን አያመነጭም። ቢጫው የኅትመት ቀለም በላዩ ከሚያርፈው ብርሃን ሰማያዊውን ውጦ ቀዩንና አረንጓዴውን ይመልሳል፤ አበባዋም በመስክ ላይ የምታደርገው ይህንኑ ነው። ማተሚያው ራሱን የቻለ ቢጫ ቀለም ስላለው አደይ በወረቀት ላይ ብዙ አትጎዳም። የሚጎዳው በዙሪያዋ ያለው የመስከረም ሣር ነው፤ በስልኩ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ ከማተሚያው ቀለሞች አቅም በላይ ስለሚሆን ደብዝዞ ይወጣል። ስለዚህ ብዙ ቅጂ ከማሳተም በፊት አንዱን አትሞ ማየት ይገባል።

የበለጠ የሚያሳስበን ግን ጽሑፉ ነው። ዓይን ብሩህነትን የሚመዝነው በእኩል አይደለም፤ በተለመደው የኮምፒውተር የቀለም ሥርዓት ከነጭ ብሩህነት ውስጥ የአረንጓዴው ድርሻ 71.5፣ የቀዩ 21.3፣ የሰማያዊው 7.2 በመቶ ነው። ቢጫ የሁለቱ ድምር ስለሆነ ከነጭ ብሩህነት 93 በመቶ ገደማ ይይዛል። በነጭ መደብ ላይ በቢጫ የተጻፈ «እንኳን አደረሰዎ» የንጽጽር መጠኑ 1.07 ብቻ ነው፤ ለድረ ገጽ ጽሑፍ የሚመከረው ዝቅተኛ መጠን 4.5 ነው። ይኸው ቢጫ በጥቁር መደብ ላይ ቢጻፍ 19.6 ይደርሳል። በእኛ ፊደል ችግሩ ይብሳል፤ ሉ እና ሊ የሚለዩት አንዲት ትንሽ ቅጥያ በወገብ ወይም በእግር በመሆኗ ብቻ ነውና። ዓይናቸው የደከመ እናት ይህችን ቅጥያ ካላዩ ስማቸው የሌላ ሰው ስም ይሆንባቸዋል።

የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ወደ ዩኒኮድ ገብቷል፤ ሀ ቁጥሯ 4608 ነው። ሆኖም መደብሩ በካርዱ ላይ ስም የሚጽፍበት የፊደል ዓይነት የእኛን ፊደላት ካልያዘ በስሙ ፈንታ ባዶ ሣጥኖች ይደረደራሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ላኪው ስሙን በሥዕሉ ውስጥ ራሱ ጽፎ እንደ ምስል ይላከው።

ስለ ፋይሉ ዓይነት በአጭሩ። 1011 በ638 ነጥቦች ሳይጨመቁ ወደ 1.9 ሚሊዮን ባይት ይሆናሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀው ጄፔግ ሥዕሉን 8 በ8 ነጥብ ወደሆኑ ቁራጮች ከፍሎ ዓይን ብዙም የማያስተውለውን ዝርዝር ይጥላል። ለአበባ መስክ ይህ ጉዳት የለውም፤ በፊደል ጠርዝ ላይ ግን እንደ ጭስ ያለ ብዥታ ይተዋል። ፒኤንጂ ምንም አይጥልም፤ ፎቶግራፍ ሲሆን ግን ፋይሉ ይከብዳል። በእኛ አስተያየት ፊደሉን አተልቆ መጻፍና የጄፔጉን ጥራት ከፍ ማድረግ ይበቃል። በቴሌግራም ሲላክም እንደ ፎቶግራፍ ሳይሆን እንደ ፋይል ቢላክ ዳግም አይጨመቅም።

የካርዱ ምስጢር ቁጥርስ? የሞባይል ካርድ ቁጥር በሚፋቅ ልባስ ተሸፍኖ ይሸጣል፤ ምስል ግን ልባስ የለውም። ቁጥሩ በሥዕሉ ላይ ከሰፈረና ሥዕሉ በዘመድ አዝማድ ስልክ ከተዘዋወረ፣ ቀድሞ ያየው ሰው ገንዘቡን ሊጠቀምበት ይችላል። ስለዚህ ሥዕሉ ለሁሉ ይታይ፤ ቁጥሩ ለእናትየው ብቻ በተለየ መልእክት ይድረስ።

ፎቶግራፉም ቀደም ብሎ መነሣት አለበት። ካርዱ የሚዘጋጀው በነሐሴ ነው፤ ደጋ ዳሞት በዚያን ጊዜ ጉም ለብሷል፤ አደይም መስኩን ገና አልሸፈነችም። የሚያስፈልገው ያለፈው መስከረም ፎቶግራፍ ነው።