ስለ ኩልና ስለ መኳያው

እኅቴ ሆይ፤ በባሮ ወንዝ ዳር፥ በጋምቤላ ከተማ መካከል የምትኖሪ ብትሆኚ፥ በበዓል ዋዜማ አንዲት የኩል መኳያ ከዓይን ወደ ዓይን ስትዞር አይተሽ ይሆናል። ኤልዛቤልን እየጠቀሱ (2ኛ ነገሥት 9፥30) መኳልን የሚነቅፉ አሉ። እኔ ግን በእርስዋ የተፈረደባት ስለ ናቡቴና ስለ ነቢያት ደም እንጂ ስለ ኩልዋ አይደለም እላለሁ።

የሚያስፈራኝስ መኳያው ነው። የታመመው ዓይን እድፍ በእርሱ ወደ ጤነኛው ዓይን ይሻገራልና። «ብከለክላት ንፉግ ትለኛለች» ብለሽ ታፍሪ ይሆናል፤ እንግዲያስ ሌላ ንጹሕ መኳያ ስጪአት እንጂ የአንቺን አታውሻት።

በገበያ ከሚሸጠው ኩል ደግሞ እርሳስ የሚባለው ብረት ያለበት አለ፤ ይህም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። አያቱ «ዓይኑ ይድመቅለት» ቢሉሽ፥ በአክብሮት እንቢ በያቸው፤ ሕፃን ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባልና።